ፊታችሁ ወዝ ሲያጣ፦ ለደረቀና ለፈዘዘ ቆዳ በትንሽ ወጪ የሚሆን መመሪያ

አንድ ሰሞን መሳቢያዬ ውስጥ 11 ጠርሙስ ነበር። ቶነር (ከታጠቡ በኋላ የሚቀባ ውሃ መሰል ፈሳሽ)፣ ሁለት ዓይነት ሴረም (ከክሬም በፊት የሚቀባ ቀጠን ያለ ፈሳሽ)፣ የዓይን ዙሪያ ክሬም፣ የቀን ክሬም፣ የሌሊት ክሬም፣ ስሙን በቅጡ መጥራት የማልችለው ዘይት፣ ሌላም ሌላም። ፊቴ ግን አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። አፍንጫዬ ዙሪያ ይላላጣል። ስስቅ ዓይኔ ጥግ ላይ የሚወጡት ቀጫጭን መስመሮች ሳቄን ከጨረስኩ በኋላም እዚያው ናቸው። ያኔ የጎደለኝ 12ኛው ጠርሙስ መስሎኝ ነበር። ፊቴ መመለስ የጀመረው ግን ስምንቱን ካስወገድኩ በኋላ ነው።

ለደረቀ፣ ለፈዘዘና መስመር ማውጣት ለጀመረ ፊት የግድ የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ለስላሳ ማጠቢያ፣ ደህና ክሬም እና ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም)። አራተኛ መጨመር ይቻላል፤ እሱም አንድ ብቻ። ሦስቱንም በመጠነኛ ዋጋ ማግኘት ይቻላል። ገንዘብ የሚባክነው ታጥቦ ለሚሄድ ነገር ብዙ ከፍለን፣ ቆዳችን ላይ ለሚውለው ስንሰስት ነው።

ደረጃ 1፦ ፊታችሁን እወቁት

"ቆዳዬ ደረቅ ነው" የምንለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንዳንድ ሰው ቆዳው በተፈጥሮው በቂ ቅባት አያመነጭም። ጉንጩ ሻካራ ነው፣ እግሩ ቶሎ አመዳም ይሆናል። ሌላው ግን የጎደለው ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ፊት ግንባሩና አፍንጫው ላይ እያብለጨለጨ ጉንጩ ላይ ይወጠራል። ይሄኛው ብዙ ጊዜ የራሳችን ሥራ ነው፤ ኃይለኛ ሳሙና፣ የሚፋጅ ውሃ፣ በየቀኑ መፈግፈግ።

ለመለየት ማታ ፊታችሁን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ማጠቢያ ታጠቡ። ምንም ሳትቀቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ፊታችሁ ሁሉ ከተወጠረና ከሻከረ የቅባት እጥረት ነው። መሃሉ ወዝቶ ዳር ዳሩ ከተወጠረ የውሃው እጥረት ያመዝናል።

አሁን መስመሮቹን እንያቸው። ማታ ዓይናችሁ ጥግ ላይ ወፈር ያለ ክሬም ቀብታችሁ ተኙ። ጠዋት በመስኮት ብርሃን መስታወት ተመልከቱ። መስመሩ ደብዝዞ ካገኛችሁት ድርቀት ያመጣው ነው። ጥሩ ዜና ነው፤ በክሬም ብቻ ይስተካከላል። ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ፀሐይና ዕድሜ ከሥር ያለውን ኮላጅን፣ ቆዳን ወጥሮ የሚይዘውን ፕሮቲን፣ እየቀነሱት ነው ማለት ነው። እሱ ወራት ይፈልጋል፤ ያኔ ደረጃ 4 እና 5 ይበልጥ ይመለከቷችኋል።

መፍዘዝስ ከምን ይመጣል? የወንዝ ድንጋይ አስቡ። እርጥብ ሲሆን ያበራል፤ ሲደርቅ ያው ድንጋይ ግራጫ ይሆናል። ድንጋዩ አልተለወጠም፤ ብርሃኑን የሚመልስበት ገጽታ ነው የተለወጠው። ቆዳም እንደዚያ ነው። ላይኛው ሽፋን የሞቱ ሴሎች ድርድር ነው። በወጣትነት ቆዳ በግምት በ28 ቀን ራሱን ያድሳል፤ ዕድሜ ሲጨምር ይዘገያል። የሞተው ሽፋን ሲደርቅና ሳይረግፍ ሲቀር ገጽታው ይሻክራል፣ ብርሃን ይበታተናል፣ ፊት ይፈዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይሰመርበት። ፈዘዘ ማለት ጠቆረ ማለት አይደለም። ጥቁር ቆዳ እንደ ሐር ያበራል፤ ቀይ ቆዳም አመድ ሊመስል ይችላል። ፊታችሁ ወዝ አጣ ብላችሁ የሚያነጣ ክሬም ከገዛችሁ ለሌላ በሽታ መድኃኒት ገዛችሁ። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ቆዳችሁ በድንገት በመላ ሰውነታችሁ ከደረቀ፣ ከዚያ ጋር ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ወይም ማሳከክና መሰነጣጠቅ ከታከለበት ግን መነሻው ሌላ ሊሆን ይችላል። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሕመምና የስኳር በሽታም ቆዳ ያደርቃሉ። ችፌም ተራ ድርቀት ሊመስል ይችላል። ይህ የሐኪም ሥራ ነው።

ደረጃ 2፦ ማጠቢያ (እዚህ ላይ ቆጥቡ)

የፊት ማጠቢያ ቆዳችሁ ላይ የሚቆየው ግማሽ ደቂቃ ነው። ከዚያ ወደ ቱቦ ይወርዳል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቫይታሚንም፣ ወርቅም፣ የምናምን አበባ ጭማቂም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ርካሹን ግዙ፤ ብቻ ለስላሳ ይሁን።

የቆዳ ላይኛው ክፍል በትንሹ አሲዳማ ነው፤ ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5 አካባቢ ነው። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ቆሻሻውን ሲያነሳ ቆዳው የራሱን ውሃ የሚይዝበትን ስብ ይዞ ይሄዳል። ከታጠባችሁ በኋላ ፊታችሁ ከተወጠረ "ጸዳ" ማለት አይደለም፤ ተራቆተ ማለት ነው። ብዙ አረፋ የማያወጣ፣ ሽቶ ያልተጨመረበት፣ ለደረቅ ቆዳ የተባለ ማጠቢያ ፈልጉ።

ማታ አንዴ ታጠቡበት። ጠዋት ውሃ ብቻ ይበቃል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። በፎጣ አትፈግፍጉ፤ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ፣ ትንሽ እርጥበት አስቀሩ። እርጥበቷ ለሚቀጥለው ደረጃ ታስፈልጋለች።

ደረጃ 3፦ ክሬም፤ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን አንብቡ

የማሸጊያው ፊት ማስታወቂያ ነው። ጀርባው ነው እውነቱን የሚናገረው። እስቲ ሁለት ክሬም ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንደኛው በከባድ የብርጭቆ ማሰሮ፣ ወርቃማ ክዳን ያለው፣ ፊቱ ላይ "ሃያሉሮኒክ አሲድ" በትልቁ የተጻፈበት። ሌላው በተራ ፕላስቲክ ቱቦ፣ ምንም ጌጥ የሌለው።

ሁለቱንም አዙሩ። ንጥረ ነገሮች የሚጻፉት ከብዙ ወደ ጥቂት ነው። ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን በፈለጉት ቅደም ተከተል መደርደር ይችላሉ። የማሰሮው ዝርዝር ውሃ፣ አልኮል፣ ሽቶ ብሎ ይጀምርና ሃያሉሮኒኩ መጨረሻ አካባቢ፣ ፌኖክሲኢታኖል ከሚባለው ቀጥሎ ይመጣል። ፌኖክሲኢታኖል ክሬሙ እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ ነው፤ በአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ በላይ አይፈቀድም። ስለዚህ ከእሱ በኋላ የተጻፈ ነገር ሁሉ ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ ያነሰ ነው። እርግጥ ሃያሉሮኒክ አሲድ በትንሹም ይሠራል። አልኮልና ሽቶ ከፊት ተቀምጠው እሱ ከኋላ ሲመጣ ግን ክሬሙ ለማን እንደተሠራ ይገባችኋል። የቱቦው ዝርዝር ደግሞ ውሃ፣ ግሊሰሪን፣ ፔትሮላተም (ቫዝሊን የምንለው)፣ ሴራማይድ (ቆዳ ውስጥ ያለ የስብ ዓይነት) ይላል። ለደረቀ ፊት እኔ ያለማመንታት ቱቦውን አነሳለሁ።

አልኮል ስል ቶሎ የሚተነውን፣ "ዲናት" የሚለው ቃል አብሮት የሚጻፈውን ነው። ሴቲል አልኮልና ሴቴሪል አልኮል ስማቸው ያስደነግጥ እንጂ ቅባታም ማለስለሻዎች ናቸው፤ አትሽሹአቸው።

ደህና ክሬም ውስጥ ሦስት ዓይነት ሠራተኛ አለ። ውሃ የሚስቡት ግሊሰሪን፣ ዩሪያና ሃያሉሮኒክ አሲድ ናቸው። ስንጥቁን የሚሞሉት ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮል፣ ስኳሌንና የሺያ ቅቤ ናቸው። ክዳን የሚሆኑት ደግሞ ፔትሮላተምና ዳይሜቲኮን ናቸው። ውሃ የሚስብ ብቻ ቀብታችሁ ክዳን ካልደፋችሁበት፣ በተለይ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ የሳበው ውሃ ተመልሶ ይተናል። "ሃያሉሮኒክ ሴረም ገዝቼ ፊቴ ባሰበት" የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ግሊሰሪን ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ አስተማማኙ ነው ብል አላጋነንኩም። ንጹሑን ብቻውን ካገኛችሁ ግን ደረቅ ፊት ላይ እንዳለ አትለቅልቁት፤ ያጣብቃል፣ ሊያቃጥልም ይችላል። ሁለት ጠብታ እርጥብ መዳፍ ላይ ክሬም ጨምራችሁ ቀላቅሉት። ቆዳችሁ አመዳም ከሆነ 5 በመቶ ዩሪያ ያለው ክሬም ይረዳል፤ የተላጠ ቦታ ላይ ግን ይለበልባል።

ቫዝሊን የሚናቅ ነገር አይደለም። ሮበርት ቼዝብሮ በ1872 የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበ ጀምሮ ውሃ እንዳይተን በመከልከል የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ብቻ ራሱ ውሃ የለውም። ደረቅ ቆዳ ላይ ቀባችሁት ማለት ባዶ ድስት ከደናችሁ ማለት ነው። ክሬም ከቀባችሁ በኋላ የምስር ፍሬ የምታህል ወስዳችሁ፣ በጣታችሁ አሙቃችሁ፣ የሚላላጠው ቦታ ላይ ብቻ ለጠፍ ለጠፍ አድርጉ። ብጉር የሚያወጣ ፊት ካላችሁ ከዓይን ዙሪያና ከከንፈር አትለፉ።

የዓይን ክሬም ትጠይቁኝ ይሆናል። ያው ክሬም ነው፤ በትንሽ ዕቃ፣ በትልቅ ዋጋ። የፊት ክሬማችሁ ሽቶ ከሌለውና ካላቃጠላችሁ ለዓይን ዙሪያም ይሆናል። ቶነርም ለዚህ ዓይነት ፊት ግድ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ሰንስክሪን (እዚህ ላይ አትሰስቱ)

ቀጫጭን መስመርን ለመከላከል አንድ ነገር ብቻ ምረጡ ብባል ያለ ጥርጥር ይህን ነው። አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ከ1992 እስከ 1996 ድረስ ከ55 ዓመት በታች የሆኑ 903 ሰዎች ተጠንተው ነበር። በ2013 በታተመው ውጤት መሠረት በየቀኑ ሰንስክሪን የተቀቡት፣ ሲያሻቸው ከሚቀቡት ጋር ሲነጻጸሩ የቆዳ እርጅናቸው በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። ይህን ያመጣው ውድ ሴረም ሳይሆን ተራ ሰንስክሪን ነው።

ማሸጊያው ላይ ያለው የኤስፒኤፍ ቁጥር፣ የመከላከል አቅሙ መለኪያ፣ አያምታታችሁ። ኤስፒኤፍ 30 የሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ ያህል ያግዳል፣ ኤስፒኤፍ 50 ደግሞ 98 በመቶ ያህል። ልዩነቱ ጠባብ ነው። ይልቅ ሁለተኛውን ጨረር፣ ዩቪኤን፣ እንደሚከላከል እዩ። ቆዳን የሚያስረጅ ይበልጡኑ እሱ ነው፤ የመስኮት መስታወትም ያልፋል። ማሸጊያው ላይ ዩቪኤ በክብ ውስጥ ተጽፎ ወይም ፒኤ የሚል ከመደመር ምልክቶች ጋር ታገኛላችሁ።

መጠኑ ላይ ሁሉም ይሳሳታል። ለፊትና ለአንገት የሁለት ጣት ርዝመት ነው፤ አመልካች ጣትና መሃል ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተሰመረ። መጀመሪያ ስታዩት ይበዛባችኋል። በዚህ መጠን 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ ወር ከምናምን ነው የሚቆየው። የእናንተ ስድስት ወር ከቆየ እየቀባችሁት አይደለም። ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል።

ጥቁር ቆዳ ሰንስክሪን አይፈልግም የሚባለው ትክክል አይደለም። ሜላኒን ይረዳል እንጂ ሙሉ ጥላ አይሆንም። ዚንክ ኦክሳይድ የሚባለው ጨረር የሚያግድ ነጭ ማዕድን ያለባቸው ብዙዎቹ ጠቆር ያለ ፊት ላይ ነጭ ዱቄት እንደተነሰነሰ ይቀራሉ፤ ይህ ቅሬታ የእውነት ነው። እንዲያ ከሆነባችሁ ሌላ ጨረር ማገጃ ያለውን ወይም ቀለም የተጨመረበትን ሞክሩ። በተለይ ማድያት ካለባችሁ ቀለም ያለውን ምረጡ። በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ማድያትን የሚያባብሰውን የሚታየውን ብርሃንም ይከላከላል።

ደረጃ 5፦ አንድ ተጨማሪ፣ ሁለት አይደለም

ሦስቱን ለአንድ ወር ሳታቋርጡ ተጠቀሙ። ግማሹ ቅሬታችሁ እዚያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ነው አራተኛው።

ዋናው ቅሬታችሁ መፍዘዝ ከሆነ ከ2 እስከ 5 በመቶ ኒያሲናማይድ (የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት) ያለው ክሬም ወይም ሴረም ያዙ። ርካሽ ነው፣ ቆዳ ብዙም አያስቆጣም፣ ጠዋትም ማታም ይሆናል። "10 በመቶ" የሚሉትን መግዛት ግዴታ አይደለም፤ አንዳንዱን ፊት ያቀላል። ሻካራነቱ ከበረታ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ 5 በመቶ ላክቲክ አሲድ የሞተውን ሽፋን ያራግፋል። አሲድ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ ያለ ሰንስክሪን አትጀምሩት። ቫይታሚን ሲ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ቶሎ ይበላሻል። ሴረሙ ወደ ቡናማ ከተለወጠ አለቀለት። ኪስ ሲጠብብ እኔ እሱን እዘለዋለሁ።

ዋናው ቅሬታችሁ መስመር ከሆነ ምርጫው ሬቲኖል፣ የቫይታሚን ኤ ዓይነት፣ ነው። ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ካለው ጀምሩ። በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ፣ ለመላው ፊት የአተር ፍሬ የምታህል። ደረቅ ቆዳ ካላችሁ መጀመሪያ ክሬም፣ ከዚያ ሬቲኖል፣ ከዚያ እንደገና ክሬም ቀቡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ መላላጥ የተለመደ ነው፤ ማቃጠልና ማበጥ ግን አይደለም። ለውጥ ለማየት ሦስት ወር ያህል ጠብቁ። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ካሰባችሁ አትንኩት።

አሲድና ሬቲኖልን አታጣምሩ የምለው ከደረሰብኝ ነው። አንድ ማታ አሲድ ተቀብቼ ሳልታጠብ ሬቲኖል ደረብኩበት። "ቶሎ ይሥራ" ብዬ። ጠዋት ፊቴ እንደ ቲማቲም ቀልቷል፤ ውሃ እንኳ ሲነካው ያቃጥላል። ሦስት ሳምንት በተራ ክሬምና በቫዝሊን ብቻ ነው የዳንኩት።

ደረጃ 6፦ ስትገዙና ስትጀምሩ

ዋጋን በሚሊ ሊትር አካፍሉት። ትልቅ የሚመስለው ማሰሮ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ነው የወፈረው። ትንሽ የተከፈተ ዕቃ ምስል ላይ 6 ወይም 12 ቁጥር ታያላችሁ፤ ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ወር ነው። የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። ቫይታሚን ሲና ሬቲኖል ብርሃንና አየር ስለማይወዱ ክዳኑ ሰፊ የሆነ ማሰሮ ውስጥ ያሉትን ተዉአቸው። "ሽታ አልባ" የሚለው ቃልም ያታልላል፤ አንዳንዴ ሌላውን ሽታ ለመሸፈን ሽቶ ይጨመርበታል። "ሽቶ ያልተጨመረበት" የሚለውን ፈልጉ።

አዲስ ነገር ፊት ላይ ከመዋሉ በፊት ክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ለጥቂት ቀናት ሞክሩት። ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ሳምንት አትጀምሩ፤ ፊታችሁ ቢቆጣ ጥፋተኛው አይታወቅም። በሁለት ሳምንት ልዩነት ይሁን። በተመሳሳይ መስኮት፣ በተመሳሳይ ሰዓት ፎቶ ተነሱ። መስታወት በየቀኑ ስለምታዩ ለውጡን አያሳያችሁም።

ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ይቅሩባችሁ። ሎሚ የፒኤች መጠኑ 2 አካባቢ ነው። ያለቅጥ ያቃጥላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ጥቁር ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ለዚህ ግን ቆም በሉ

"በሳምንት ፊትሽ ይጠራል" የሚባልለት ክሬም አለ። የእውነትም ይጠራል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ውስጡ ክሎቤታሶልን ወይም ቤታሜታሶንን የመሰለ ስቴሮይድ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ጠንካራ መድኃኒት፣ አለ። መጀመሪያ ፊት ይለሰልሳል፣ ያበራል፣ ሁሉም "ምን ተቀባሽ?" ይላል። ቆየት ሲል ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ፊቱ እሳት ይሆናል። መስመር እንዳይወጣ ብለው የጀመሩት ነገር ቆዳውን ያሳሳዋል ማለት ነው። ከወራት በላይ የተጠቀማችሁ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከማቆማችሁ በፊት የቆዳ ሐኪም አማክሩ።

ሌላው አንዳንድ የሚያነጡ ክሬሞች ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ነው። ኩላሊት ይጎዳል። የንጥረ ነገር ዝርዝር የሌለውን፣ ምንም ባልተጻፈበት ማሰሮ ተቀላቅሎ የሚሸጠውን፣ "ካሎሜል" ወይም "ሜርኩሪክ" የሚል ቃል ያለበትን አትግዙ። "ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ" የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁም መልሱት፤ የሜርኩሪ ምልክት ነው።

ቀኑ እንዲህ ይውላል

ጠዋት፦ ውሃ፣ ክሬም፣ ሰንስክሪን። ፊታችሁ ብዙም ካልደረቀ ሰንስክሪኑ ራሱ እንደ ክሬም ያገለግላል፤ አንድ ዕቃ ተረፈ ማለት ነው። ማታ፦ ማጠቢያ፣ በተመረጡት ማታዎች አራተኛው ነገር፣ ክሬም፣ የሚላላጠው ቦታ ላይ ቫዝሊን። ክሬሙን ከታጠባችሁ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ ፊታችሁ ገና እርጥብ ሳለ ቀቡት። አንገታችሁን አትርሱ።

ድርቀቱ በቀናት ይሻሻላል። መፍዘዙ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይወስዳል። መስመሩ ከሦስት እስከ ስድስት። በስድስት ወር ምንም ካላያችሁ የቆዳ ሐኪም ትሬቲኖይን ሊያዝላችሁ ይችላል፤ ከሬቲኖል የጠነከረ ነው፣ በራስ የሚጀመር አይደለም። ስትሄዱ ፊታችሁ ላይ የምታውሉትን ሁሉ፣ ሳሙናውን ጨምሮ፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ስሄድ ሐኪሟ አንድ በአንድ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ስትደረድር ቦታ አልበቃትም።